«መኖሪያ» በሚለው ዓምድ የጻፍሁት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን ማስለቀሴን ነግሬአቸው የታዘዝሁትን ስግደት ሰግጃለሁ። ይህን ግን ለእሳቸውም አልተናገርሁም። ለማንም አልተናገርሁም። አምስት ዓመት ሙሉ እንደ መረረ ምራቅ አፌ ውስጥ ይዤው ኖርሁ፤ አልዋጥሁት፣ አልተፋሁት። አንተ የምታነበኝ ሰው ከካህኑ ቀድመህ ልትሰማኝ ነው። እንድታዝንልኝ ግን አልጠራሁህም።

እኔ አንድ ሰው በምርጫ እንዳይወዳደር አደረግሁ። በዱላ አይደለም። አስፈራርቼም አይደለም። ፊርማ አስመስዬ ወይም ወረቀት ሰርቄም አይደለም። ጽፌ ነው። በተስተካከለ፣ ስርዝ ድልዝ በሌለበት፣ ያየው ሁሉ በሚያደንቀው ጽሕፈት ጽፌ ነው። ይህን እንኳ ስጽፍ የፊደሎቹ ማማር ያስጠላኛል፤ ግን ሌላ ዓይነት መጻፍ አልችልም።

የምኖረው በመተማ ቆላ፣ ከገንዳ ውሃ ብዙም በማትርቅ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሥራው የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልረገጥሁም። የቀረውን ራሴን ያስተማርሁት ተቀጥሬ በምሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ሊባዛ የመጣ ወረቀት ሳላነበው አያልፍም ነበር። ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አዋጅ፣ ደንብ። ሕገ መንግሥቱን አንድ ጠበቃ እንድናባዛለት ትቶት ሄዶ ሲዘገይ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም። በፓርላማ ሥርዓት ብዙ መቀመጫ ያገኘው መንግሥት እንደሚመሠርት አውቅ ነበር። ያላገኘው ደግሞ ተሸነፍሁ ብሎ ቤቱ እንደማይገባ፣ ሥራው ገና ያኔ እንደሚጀምር አውቅ ነበር፤ «አለቀ ያላችሁትን ሥራ ማን ሄዶ አየው? እናንተ ካቃታችሁ እኛ በዚህ መንገድ እንሠራዋለን» እያለ እፊታቸው መቀመጥ። ይህን ሁሉ ከወረቀት አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ያ ሰው ጋሼ ይርዳው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጥራት ሲመረምሩ ነው። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት በጆንያው ሆድ ሰክተው ከመሐል የሚወጣውን ሰሊጥ መዳፋቸው ላይ ይዘረጉታል። ከላይ ነጭ ሆኖ ከሥር አፈር የተቀላቀለበትን ስንት ጆንያ አጋልጠዋል። ነጋዴው ሲሸጥ ይጠላቸዋል፤ ሲገዛ ደግሞ ለምኖ ይዟቸው ይሄዳል። ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ለፓርላማ ዕጩው እንዲሆኑ ጠየቃቸውና እሺ አሉ።

ለምን እሺ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። በእርሻዎቹ መካከል አንድ ጤና ኬላ ተሠርቷል። ተመርቋል። ከምርቃቱ ቀን ወዲህ ግን በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ግራር ሥር ተኝቶ ካላዛር፣ ያ ሆድ የሚያሳብጠው የዝንብ በሽታ፣ ይይዘዋል፤ ወባውም አለ። ትኩሳት የጣለውን ሰው በትራክተር ተሳቢ ጭነው በዚያ በተቆለፈው በር ፊት ለፊት ያሳልፉታል፤ ሐኪም ያለው ከዚያ በጣም ርቆ ነው። በሪፖርት ግን ጤና ኬላው ይሠራል። ጋሼ ይርዳው በምርጫ ክርክሩ መድረክ ላይ ቆመው፣ ሕዝብ እየሰማ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ሊጠይቁ ፈለጉ፤ «ቁልፉ ማን ኪስ ነው ያለው?»

ዕጩ ለመሆን ግን የምርጫ ክልሉ ነዋሪዎች የድጋፍ ፊርማ ያስፈልጋቸው ነበር። ቅጹ አራት ዓምድ አለው፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ መኖሪያ፣ ፊርማ። ዓይናቸው ስለማያግዛቸው እኔን ጠሩኝ። የመጋዘኑን ወረቀት ሳባዛ ጀምሮ ያውቁኛል፤ ደረሰኝ ላይ ስህተት አይቼ እየሮጥሁ የመለስሁበትን ቀን እስከ ዛሬ ያነሱታል። «አንተ ካየኸው እኔ አየሁት ማለት ነው» አሉኝ። ይህን ቃል እዚህ ላይ ሳሰፍረው እጄን ጭቃ ውስጥ የከተትሁ ያህል ይሰማኛል።

በዚያው ሰሞን አንድ የወረዳ ኃላፊ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጣ። የማውቀው ሰው ነው፤ ስሙን አልጽፍም፤ በእሱ ስም መጠለል አልፈልግም። ያባዛሁለትን ወረቀት በመዝገብ ሳሰፍር ቆሞ አየኝና ሳቀ።

«ይኼ ጽሕፈት ነው ጥልፍ?»

መጻፌን ቀጠልሁ።

«የወረዳው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የሚይዝለት ሰው አጥቷል። ዲፕሎማ ይላል ደንቡ። ቢሆንም ሰው ሰውን ይረዳል።» ወረቀቱን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ዞረ። «የሽማግሌውን ፊርማ የምትጽፈው አንተ ነህ አሉ። ጻፍ እንጂ፤ ምን ከፋው። የሚሉህን ጻፍ።»

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለኝም። አጥፋ አላለኝም፣ አበላሽ አላለኝም። ስንት ጊዜ ያንን ንግግር ወደ ትእዛዝ ልለውጠው ሞከርሁ! ታዝዤ ነው ለማለት ስንት ጊዜ ቃሉን አገላበጥሁት! አይሆንም። እሱ የጣለው አንዲት ፍሬ ነው፤ ያበቀልሁት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀት እያባዛሁ፣ መንገዱ በራሱ መጣልኝ።

እዚህ ቆላ አንድ ልማድ አለ። የአብዛኞቻችን አባቶች ከደጋ የወረዱ ናቸው። አንድ ሰው እዚህ ሠላሳ ዓመት ቢኖር፣ ቤት ቢሠራ፣ ልጅ ቢድር «የየት ሰው ነህ?» ሲባል የሚጠራው ይህን ቆላ አይደለም። እስቴ ይላል። ደንቢያ ይላል። በለሳ ይላል። እዚሁ የተወለደው ልጁ እንኳ የአባቱን አገር ይጠራል። ቆላው የሚሠሩበት እንጂ የሚጠሩበት አገር አይደለም። ይህ ክብር ነው፤ የዘር ሐረግን አለመርሳት ነው። ማንም ክፉ አያስብበትም። እኔ አሰብሁበት።

ቅጹ የሚጠይቀው አሁን የሚኖሩበትን ቀበሌ ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የቅጹን መመሪያ ራሴ አባዝቼዋለሁ። እኔ ግን ሰዎቹን «የት ነው የሚኖሩት?» ብዬ አልጠየቅሁም። «የየት ሰው ነዎት?» አልሁ። የነገሩኝንም ቃል በቃል «መኖሪያ» በሚለው ዓምድ ሥር ጻፍሁት።

የመጀመሪያው አያ ሞላ ናቸው። ማሽላ እየተወቃ ነበር፤ የመውቂያው ሞተር ስለሚጮህ ሰዎቹ የሚነጋገሩት በጩኸት ነው። አያ ሞላ ፊታቸው ሁሉ ገለባ ሆኖ መጡ።

«ጋሼ ይርዳው፣ እስቲ ይንገሩኝ» አሉ እየሳቁ፣ «እነሱ ሙሉ አዳራሽ፣ እርስዎ አንድ ሽማግሌ። ገብተው ምን ሊሆኑ?»

«አንድ ጆንያ ለመፈተሽ ስንት ብረት ይሰካል?»

«አንድ።»

«እንግዲህ ፈርማ።»

«እነሱ እኮ ተፎካካሪ በሉ እንጂ ተቃዋሚ አትበሉ ብለዋል።»

«ለመፎካከርማ ጉልበቴ እምቢ አለ» አሉ ጋሼ ይርዳው። «እኔ የምጠይቅ ነኝ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ሳበቃ ብዕሬን አስተካክዬ «አያ ሞላ፣ የየት ሰው ነዎት?» አልኋቸው። የእሳቸውን ቤት አውቀዋለሁ። ከእናቴ ቤት ሁለት አጥር ያልፋል። ልጅ ሆኜ ከግቢያቸው ሎሚ ለቅሜአለሁ። ጠየቅኋቸው።

«እስቴ ነኛ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

እስቴ ብዬ ጻፍሁ።

ያችን ቃል ከጻፍሁ በኋላ ብዕሬ አልቆመም። ሁለተኛው ሰው መጣ፤ ደንቢያ ጻፍሁ። ሦስተኛው መጣ፤ በለሳ ጻፍሁ። እርሻ ለእርሻ ዞርን፣ ቀበሌ ለቀበሌ ዞርን፤ ጋሼ ይርዳው በዚያ ሐሩር በትር ተደግፈው ሲለምኑ፣ ሲያሳምኑ፣ ሲቀልዱ፣ እኔ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። ፈርቶ ያልፈረመ አለ፤ ፈርቶም የፈረመ አለ። ሰው ፍርሃቱን ረግጦ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ የሰጠኝን እኔ ወደ ውሃ ጣልሁት።

ይህም አልበቃኝም። ፊርማው ሲሞላ «በንጹሕ ልገልብጠው፤ እንዲህ ተጨማድዶ አይሰጥም» አልሁ። ሁሉንም ገጽ በማስመሪያ አሰመርሁ። ስሙን፣ የአባት ስሙን፣ የአያት ስሙን አስተካክዬ ጻፍሁ። የፈረሙትን ሰዎች እንደገና ዞሬ አስፈረምሁ። አንድ ሰው ስሙ ላይ የቀረችውን ፊደል ለማስተካከል ብቻ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄጃለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ወረቀቱ የሚገባው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት እንዲሆን ነው፤ ተመልሶ የሚታረምበት ጊዜ እንዳይኖር። ጋሼ ይርዳው ግን ትጋት መሰላቸው። በሰው ሁሉ ፊት መረቁኝ። ቆሜ ተመረቅሁ። አሜን አልሁ።

የምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀበለችን ሴት ጨዋ ነበረች። ወንበር ሰጠቻቸው። ገጾቹን እያገላበጠች ዓይኗ አንድ ዓምድ ላይ ወርዶ ወርዶ ቀረ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የዚህ ምርጫ ክልል ነዋሪዎች አይደሉም።»

«እንዴት አይደሉም? ሁሉም ጎረቤቶቼ ናቸው።»

«ወረቀቱ እስቴ ይላል። ደንቢያ ይላል። እኔ የማየው ወረቀቱን ነው።»

ጋሼ ይርዳው አልገባቸውም። ቅጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሴትዮዋም ዞረች። «ማን ነው የጻፈው?» አለች።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የትውልድ አገራቸውን ነው የጠየቅኋቸው፤ ነዋሪዎች ናቸው» ማለት እችል ነበር። እስከ ሥራ መውጫ ጥቂት ሰዓት ነበረ። ምናልባት የቀበሌ ደብዳቤ ይገኝ ነበር፤ ምናልባት ቢያንስ አንድ ሰው ይሟገትላቸው ነበር። እኔ ምን አልሁ?

«ሰዎቹ ያሉኝን ነው የጻፍሁት» አልሁ።

እውነት ነው። ከዚህ የከረፋ እውነት በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ውሸት ብናገር ኖሮ ውሸታም እባል ነበር፤ ቢያንስ ስም ይኖረኝ ነበር። በእውነት ሰውን የቀበረ ግን ምን ይባላል?

ጋሼ ይርዳው ተሰረዙ። ስረዛው ሲሰማ ደግሞ ወሬው ከስረዛው ባሰ። ሽማግሌው ከደጋ የሌለ ሰው ስም ሰብስበው ፊርማ ፈጠሩ ተባለ። ሐሰት የሚባለውን ነገር ከጆንያ ሥር እያወጡ የኖሩ ሰው ሐሰተኛ ተባሉ። ሻይ ቤት ሲገቡ አንዱ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «ተነሱ፣ የእስቴው እንደራሴ መጡ!» አለ። እሳቸው ወንበር ሳቡና «የእስቴ ሰውስ ጨዋ ነው፤ ሻይ ሳያስቀድም ሰው አይሰድብም» አሉት። ቤቱ ሳቀ፤ ሻዩም ታዘዘላቸው። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን ሻይ ቤት መምጣት ተዉ። ያን ቀን የተቀመጥሁት ከጀርባቸው ባለው ጠረጴዛ ነበር። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ።

አያ ሞላ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጡ። የተናደዱት ለጋሼ ይርዳው ብቻ አልነበረም።

«አንተ የተማርህ ልጅ ነህ፤ ንገረኝ» አሉኝ። «ማን ነው እኔን የዚህ አገር ሰው አይደለህም ብሎ የሰረዘኝ? ይህን መሬት በገጀራ የመነጠርሁት እኔ፤ ሁለት ልጅ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የቀበርሁ እኔ። እንግዳ ነኝ?»

«አይደሉም፣ አያ ሞላ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ሕጉ ነው» አልሁ።

ሕጉ ነው አልሁ! ሕጉ «የት ትኖራለህ?» ብሎ በጨዋነት ጠይቋቸው ነበር። ጥያቄውን የለወጥሁት እኔ ነኝ። ለአንድ ሥራ ብዬ አንድ መንደር ሙሉ በገዛ ኩራቱ ከገዛ አገሩ አስወጣሁት።

ሥራውን አገኘሁት። ዲፕሎማ የሚለው ደንብ ታለፈልኝ። ከምርጫው በኋላ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንሁ፤ አሁንም ነኝ። ስብሰባው ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ሪፖርት ይነበባል። ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው?» ይላል። ማንም አስተያየት የለውም። እጅ ይወጣል፤ ሁሉም እጅ። እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ እጽፋለሁ። ከጊዜ በኋላ ይህን ዐረፍተ ነገር ስብሰባው ሳይጀመር መጻፍ ጀመርሁ፤ አንድ ቀንም ተሳስቼ አልሰረዝሁትም። ክፉ ሰዎች አይመስሉህ። አብዛኞቹ ደጎች ናቸው፤ ጎረቤት ቢሞት ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ግን ሁሉም በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። የጠየቀ ሰው ወንድሙን የከሰሰ ይመስለዋል። ለመጠየቅ ከወዲያኛው ወገን የተቀመጠ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ መጠየቁ ነውር ሳይሆን ሥራው የሆነ ሰው።

ጤና ኬላው በሪፖርት መጣ። «ለአካባቢው ነዋሪና ለቀን ሠራተኞች አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል» ተብሎ ተነበበ። ከሦስት ቀን በፊት በዚያ አልፌ ነበር። ቁልፉ ዝጓል። በረንዳው ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። አንድ ከወሎ የመጣ ሠራተኛ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። «ወንድሜ፣ መቼ ነው የሚከፍቱት?» አለኝ። አላውቅም ብዬው ሄድሁ። ሪፖርቱ ሲነበብ የዚያን ሰው ፊት በሐሳቤ እያየሁ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍሁ። ያ ሰው ዳነ ወይስ ሞተ? አላውቅም። ዝርዝር የማያመልጠኝ እኔ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ጋሼ ይርዳው ዕጩ ቢሆኑ ያሸንፉ ነበር? ላያሸንፉ ይችሉ ነበር። ይመስለኛል አያሸንፉም። ይህን ለራሴ መጽናኛ አድርጌ ብዙ ጊዜ አኝኬዋለሁ፤ ጣዕም የለውም። መሸነፍ መብታቸው ነበር። ቆመው፣ ጠይቀው፣ ሕዝብ ሰምቶ፣ የተጠየቀው ሰው መልስ አጥቶ ሲያልበው ታይቶ፣ ከዚያ መሸነፍ። እኔ የነጠቅሁት ወንበራቸውን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው። ጥያቄው ደግሞ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ግድግዳውን የተደገፈው ሰውም ነበረበት።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ይርዳው ቢሮዬ መጡ። አሁን ከሞላ ጎደል አያዩም፤ በሩን በዳሰሳ ነው ያገኙት። አዲስ የዕጩዎች ምዝገባ ሊጀመር ነው።

«ልጄ፣ እንደገና ልሞክር ነው» አሉኝ። «ያኔ ጥፋቱ የኔ ነበር። ሳላነብ አስገባሁ። አንተንም ሰው ፊት አሳፈርሁህ፤ ያ ሲያሳዝነኝ ኖሯል። ይቅር በለኝ።»

እሳቸው እኔን። ይቅር በለኝ አሉኝ።

«አሁንም አንተ ጻፍልኝ» አሉ። «ከአንተ ሌላ የማምነው የለኝም።»

እሺ አልሁ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥሁ፣ እሺ አልኋቸው።

ጋሼ ይርዳው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለእርስዎ ነው። ይህን ወረቀት ለአያ ሞላ ልጅ እሰጣታለሁ፤ እሷ ታነብልዎታለች። ስታነብ አባቷም እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ እርስዎ ይቅር የሚሉ ሰው እንደሆኑ ስለማውቅ፣ ብጠይቅዎ እንደገና በደግነትዎ መጠቀም ይሆንብኛል። ወጣት ነበርሁ አልልም። ተታልዬ ነው አልልም። ሥራዬን እንድለቅ ቢነግሩኝ እለቃለሁ፤ ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ቀርበህ ተናገር ቢሉኝም ይህንኑ ወረቀት ይዤ እቀርባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ። ዝርዝሩን እኔ አልጽፍልዎም። ሌላ ሰው ይጻፍልዎ። የሚጽፈው ሰው ጽሕፈቱ ምንም ቢያምር፣ ምንም ቢያምኑት፣ ከማስገባትዎ በፊት ሌላ ሰው ያንብብልዎ፤ ቢቻል ጸሐፊውን የማይወድ ሰው።